የለቅሶ ካርታ

ጎፋ፣ መስከረም 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድምዬ ሲራክ፣

«ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ተውኩት። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ ደህንነቱን ግን እንጃ። ደም ግፊቱ አባባን ከጣላቸው ከሐምሌ ወዲህ፣ እኔና የባለሱቋ የሪሐና ባል ጀማሉዲን ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ እንሸከማቸዋለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን በወገቤ አወቅሁት።

የካርታ ጨዋታውን ረስተውት እንደሆነ ጠይቀሃል። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አንደበታቸው ተይዟል፤ ጭንቅላታቸው ግን ያው የድሮው ነው። በግራ እጃቸው ከዘራቸውን ይዘው ወለሉን ይመታሉ፤ አንዴ ሲመቱ «አዎ» ነው፣ ሁለቴ ሲመቱ «አይደለም»። ባለፈው እሑድ ጀማሉዲንን አስተምሪው ብለው የካርታውን ሣጥን በከዘራው አሳዩኝ። እኔም አስተማርኩት፦ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሃያ ባቄላ ይሰጠዋል። ጨዋታው ሳይጀመር በባቄላህ ካርታ ትገዛለህ፤ የተረፈችህ ባቄላ ነፍስህ ናት፤ እሷ ያለቀችበት ተሸነፈ። አዲስ ካርታ መሥራትም መለዋወጥም ይቻላል፤ አባባ ዋጋ ቆርጠው ጥጉ ላይ በቀይ ሳይጽፉለት ግን ማንም አይጥለውም። ጀማሉዲን «ማን ሾማቸው?» አለኝ። ማተሚያ ቤት ወረቀት ሲቆርጡ ኖረው፣ ለእኔና ለአንተ ከቁርጥራጩ ጨዋታውን የፈጠሩት እሳቸው መሆናቸውን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ተሸነፈና ሹመቱን አጸደቀ።

የላክኸውን የጀርመን ካርታ፣ ባለ ክንፉን ፈረሰኛ፣ ከጀርባው የጻፍከውን ትርጉም አነበብኩላቸው። ታውቃቸዋለህ፣ ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት ጥያቄ አላቸው። ድሮ በአፋቸው ይጠይቁን ነበር፤ አሁን እኔ እየገመትኩ እሳቸው እየመቱ ግማሽ ቀን አለቀ። በመጨረሻ ያገኘሁት ይኸው፦ ፈረሰኛው ከወጣ በኋላ ሌላ ካርታ ለመጣል ተራ ይቀርሃል ወይስ አይቀርህም? መልሱን ጻፍላቸው።

ይዘኸው ብትመጣ ግን ከደብዳቤ ይፈጥን ነበር። ለአንድ ወር ብቻ ና። ሲያዩህ የሚሉትን እኔ በከዘራ ልተረጉምልህ አልችልም።

እህትህ ተናኘ


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታለም፣

መቼም ይቅርታ ሳልጠይቅ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ የለም፤ ይኸኛውም ያው ነው። ወገብሽን አስቤ አዘንኩ። ጀማሉዲንን አመስግኚልኝ፤ ስመጣ ካሣውን በካርታ እከፍለዋለሁ።

ለአባባ ንገሪያቸው፦ ተራ አይቀርም። ፈረሰኛው ከወጣ ሌላ መጣል አይቻልም። አሁን ሲስቁ ይታየኛል።

እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመጋዘን ሥራዬ ስወጣ የምሄድባት አንዲት ሱቅ አለች። ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው እነዚህን ካርታዎች ይጫወታሉ፣ ይለዋወጣሉ። የሚጣሉበት ነገር ሁሉ «ይህ ካርታ ጎበዝ ነው ወይስ ሰነፍ?» የሚል ነው። ትልቅ ክንፍና እሳት ካዩ ይንሰፈሰፋሉ። እኔ የአባባን ሚዛን ይዤ ገባሁባቸው። እያሸነፍክ ሳለህ ሁሉም ካርታ ጎበዝ ነው፣ ካርታ የሚመዘነው የመጨረሻዋ ባቄላ ስትቀርህ ነው ይሉን አልነበር? የሠርግ ካርታ፣ የለቅሶ ካርታ። ሲደላህ የሚያጨበጭብልህንና ሲጨንቅህ ከጎንህ የሚቀመጠውን የሚለይ ቃል እነዚህ ሰዎች የላቸውም። አሁን አዲስ ካርታ ሲወጣ ሱቁ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። አባባ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።

ስለ መምጣቴ፣ ወረቀቴ ገና ቢሮ ነው። ያለ እሱ ከወጣሁ አልመለስም። ትንሽ ታገሺኝ።

ሲራክ


ጎፋ፣ ኅዳር 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድምዬ፣

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የአንተ ወረቀት ደግሞ ራሱን አንተን ነው የያዘው። እሺ፣ ታግሻለሁ።

የፈረሰኛው ዋጋ ሦስት ነው። «የሠርግ ነው» ብዬ ስጠይቃቸው አንዴ መቱ፣ ጠንከር አድርገው።

ሌላ ወሬ አለኝ። አባባ በግራ እጃቸው ካርታ ሠሩ። ሳምንት ፈጀባቸው። መስመሩ ተንቀጥቅጧል፤ ያም ሆኖ ሻንጣ የያዘ ሰው መሆኑ ይታያል። ስሙን «መንገደኛው» ብለውታል፤ ፊደል በፊደል በጣታቸው እያሳዩ እኔ ጻፍኩት። ሥራው ይህ ነው፦ ባቄላህ አንዲት ስትቀር ከውጭ ይገባል፣ አምስት ባቄላ ይዞልህ። ዋናው የለቅሶ ካርታ።

ዋጋ ይቁረጡለት ብዬ ቀዩን ብዕር አቀበልኳቸው። እምቢ አሉ። የገዛ ካርታቸው ላይም ጥያቄ አላቸው። ስገምት ስገምት ጥያቄያቸውን አገኘሁት፤ አልጽፍልህም ግን። ና፣ ራሳቸው ይጠይቁህ። ለገና ድረስ። ሐኪሙ ያለኝን በደብዳቤ ላበዛብህ አልፈልግም፤ ለገና ድረስ ማለቴን ግን ደግመህ አንብበው።

ተናኘ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታለም፣

ደግሜ አንብቤዋለሁ። ለገና አይሆንልኝም። መጋዘኑ በዚያ ሰሞን ፈቃድ አይሰጥም፣ ወረቀቱም አልወጣም። ለፋሲካ ግን ቃሌ ነው። አባባ ጠንካራ ናቸው፤ ከማተሚያ ቤት በእግራቸው ጎፋ ድረስ እየመጡ ሳል እንኳ ይዟቸው አያውቅም።

መንገደኛውን ሳላየው ወደድኩት። ጥያቄያቸውን ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት? እዚህ ለሁሉም ሰው ስፈርድ እውላለሁ፣ የራሴ አባት ካርታ ላይ ግን አፌን ዘጋሽው።

ሁለት ካርታ ልኬያለሁ፣ ትርጉሙ ከጀርባ አለ። አንዱ ዘንዶ ነው፦ ከባላንጣህ የበለጠ ባቄላ ካለህ የእሱን ጠረጴዛ እንዳለ ያቃጥላል። ሌላዋ አሮጊት ናት፦ ስትሸነፍ በየተራው አንዳንድ ባቄላ ትመልስልሃለች። ሱቁ ሁሉ ዘንዶውን ይመርጣል። አባባ ምን ይላሉ?

አንቺንም እሳቸውንም እስማለሁ።

ሲራክ


ጎፋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ሲራክ፣

አባባ ሞቱ። ሐሙስ ጠዋት ጀማሉዲን ሊያነሣቸው ገባ፤ ተመልሶ ሲወጣ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። በዚያው ቀን ቀበርናቸው። መቃብራቸውን ከቆፈሩት አንዱ ጀማሉዲን ነው። የአንተን ባዶ ቦታ ሁሉም ሰው አይቶታል፣ ማንም አላነሣውም።

ካርታዎችህ የደረሱት በሠልስቱ ማግስት ነው። ፖስታውን ድንኳን ውስጥ ከፈትኩት። «አባባ ምን ይላሉ?»

ይህን ስጽፍ ጋሽ ለታ፣ የእድራችን ዳኛ፣ መጥቶ እላዬ ላይ ቆመ። «ለማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ሞት በወረቀት አይነገርም፣ ልጄ» አለ። «መርዶ በሰው አፍ፣ ማለዳ፣ ደጋፊ ባለበት ነው። ባዕድ አገር ብቻውን ደብዳቤ ከፍቶ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ይምጣ። ከመጣ በኋላ እኛ እንነግረዋለን።»

«እስከዚያስ ምን ልበለው?»

«ደህና ናቸው በይው።»

እንግዲህ ደህና ናቸው። በእኔ እጅ ይኖራሉ።


ጎፋ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድምዬ፣

አባባ ደህና ናቸው። ካርታዎቹ ደርሰዋል። ዘንዶውን ሁለት፣ አሮጊቷን ስድስት ብለዋል።

ብዙ አልጽፍም፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል። ለፋሲካ ያልከውን ሰማሁ። ከዚያ በፊት ና። ከሥራ ብትባረር ባረሩኝ በል፣ ና። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ተናኘ


ላይፕዚግ፣ ጥር 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለትና ስድስት፣ ተቀብያለሁ። ሱቁ ውስጥ ስናገር ሳቁብኝ፤ በሦስተኛው ጨዋታ በአሮጊቷ ስረታቸው ግን ሳቁ ቆመ።

አየሩ እዚህ ይበርዳል፣ የትራም ሽቦው ሁሉ በረዶ ለብሷል። ሥራ በዝቷል። አዳዲስ ካርታ እየወጣ ነው፤ ሦስቱን ልኬልሻለሁ፦ ድልድዩ፣ መስተዋቷ፣ እና ዘበኛው። ዘበኛው በደንብ ይታይ። እኔ ሰነፍ ነው እላለሁ፤ ቢሆንም አንድ ባቄላ እንኳ አያንስበትም። ባዶ ዋጋ የሚባል የለም፣ ከካርታ ሁሉ የመጨረሻው ሰነፍ ቢያንስ እጅህ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ለያዘው ቦታ አንድ ይከፈልበታል እንል አልነበር?

ዋጋቸውን ጻፊልኝ። አትቸኩዪ፣ በየወሩ አንድ ደብዳቤ ይበቃኛል። ብቻ አታቋርጪው።

ሲራክ


ጎፋ፣ የካቲት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድምዬ፣

የአባባን ጤና ሳትጠይቅ ደብዳቤህን ጨርሰሃል። ረስቶ ነው ብዬ ተውኩት። ደህና ናቸው።

ድልድዩ አራት፣ መስተዋቷ ሁለት፣ ዘበኛው አንድ።

በጥር መጨረሻ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከለቡ ሳይቀር የአባባ የድሮ ባልደረቦች መጡ፤ ጀማሉዲንና ሪሐና ለእንግዳው ወንበር ሲሸከሙ ዋሉ። ምን ድግስ ነው እንዳትለኝ፣ ስትመጣ ትሰማለህ። ጋሽ ለታ ባየኝ ቁጥር «መቼ ነው?» ይለኛል። መንገድ ለውጬ በመብራት ኃይል በኩል መዞር ጀምሬያለሁ፣ እሱን ላለማግኘት።

ሲራኬ፣ እኔ ሰው ነኝ። ውስጤ የታፈነ ነገር አለ። አንተ ካልመጣህ አይወጣም። እኔና አንተ ተቃቅፈን ማልቀስ፣ ማለቴ መሳቅ፣ ይገባን ነበር። ተሳስቼ ነው፣ ወረቀቱን አልቀይረውም።

ተናኘ


አምስተርዳም፣ መጋቢት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.
(ከፖስት ካርድ ጀርባ)

እታለም፣ እዚህ ለካርታ ውድድር መጥቼ ነው። ሁለተኛ ወጣሁ! ከብዙ አገር የመጣ ሰው ነበር። አሮጊቷ ነች ያወጣችኝ። ወረቀቴ በጥር ስለወጣልኝ ድንበሩ አላስቸገረኝም። ለፋሲካ ግን አዝናለሁ፣ የፈቃድ ቀኖቼን እዚህ ጨረስኳቸው። አዲስ ካርታ በሚቀጥለው እልካለሁ፤ ዋጋ ቁረጡልኝ። ሲራክ


ጎፋ፣ ግንቦት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሲራክ፣

ፖስት ካርድህን ለጋሽ ለታ አነበብኩለት። «በጥር» የሚለውን ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ «እንግዲህ እሱ ካልመጣ መርዶው ይሂድለት» አለ። በርሊን ላለው ለአምሐ፣ ለጋሽ በኃይሉ ልጅ፣ የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው።

የአምሐ መልስ ትናንት ደረሰኝ። ከሦስት የአገር ልጆች ጋር ሌሊቱን በባቡር ተጉዘው፣ ልክ እንደ ደንቡ ሊነጋጋ ሲል በርህን መታን ይላል። ቢወድቅ እንይዘዋለን ብለን ሁለታችን በግራ፣ ሁለታችን በቀኝ ቆምን ይላል። አንተ በሩን ከፍተህ አየሃቸውና «ዘገያችሁ» አልካቸው።

አምሐ ድንጋጤ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ደግ ልጅ ነው። እኔ ግን እህትህ ነኝ፤ ስትደነግጥ ምን እንደምትል አውቃለሁ።

መቼ ነው ያወቅኸው? ከማን? አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ካርታ መልስልኝ።

ተናኘ


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 26 ቀን 1989 ዓ.ም.

እታለም፣

ያለ ካርታ ልመልስልሽ አልችልም፣ ምክንያቱም የነገረኝ እሱ ነው።

«ዘንዶውን ሁለት፣ አሮጊቷን ስድስት ብለዋል።» የታኅሣሥ ደብዳቤሽ ይኸው ነበር። ዋጋው ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እንደዚያው እቆርጥ ነበር። ጥያቄው ግን የለም። አባባ አንድም ካርታ ሳይጠይቁ ዋጋ ቆርጠው አያውቁም። ከማን ጋር ነው የሚወጣው፣ ማን ነው የያዘው፣ ስንት ተራ ሲቀር? ልጅ ሆነን የምንሰለቸው ይህን ነበር። አንደበታቸው ተይዞም በከዘራ ጠየቁ። ደብዳቤሽን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፣ ፖስታውን ሁሉ ቀድጄ አየሁ። ጥያቄ የለም። ወጥቼ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያች ቀን አውቄያለሁ።

ለምን አልመጣሁም? ብመጣ ምን ብዬ ድንኳኑ ውስጥ እገባ ነበር? በሕይወት ሳሉ ያልመጣ ልጅ፣ ለለቅሶ ሻንጣ ይዞ ሲገባ ሰፈሩ ምን ይላል? ፈራሁ። ደግሞ አንቺ ዋጋ እየቆረጥሽ ስትልኪልኝ አልሞቱም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ስላልነገረኝ አላለቀስኩም፤ ስላላለቀስኩ በሕይወት አሉ። በየወሩ አንድ ደብዳቤ ለምኜሽ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ? ለእኔ ያ በቂ ነበር። ያጠፋሁ አይመስለኝም፤ አንቺም የምታደርጊው ያንኑ ነበርና።

የመንገደኛውን ካርታ ላኪልኝ። አባባ በእጃቸው የሠሩት የመጨረሻው ነው። ጥያቄያቸውንም ንገሪኝ፤ አሁን የሚከለክል ነገር የለም።

ሲራክ


ጎፋ፣ ሰኔ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሲራክ፣

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም። እኔ አምስት ወር ሙሉ የተኛ መስሎኝ ስቀሰቅስ ነበር።

«አንቺም የምታደርጊው ያንኑ ነበር» ትላለህ። እኔ የዋሸሁት አንተ እንዳትወድቅ ነው። አንተ ዝም ያልከው እንዳትመጣ ነው። ለካርታ ይህን ያህል ልዩነት ታይ የለ፣ ለሰው ሲሆን ዓይንህ ጠፋ? ለአርባቸው ጠላ ስጠምቅ፣ የሟች ልጅ የታለ ሲሉኝ «አልሰማም» ስል ነበር። እየማልኩ። ለጋሽ ለታ፣ ለሪሐና፣ ለቄሱ። አንተ ግን ሰምተህ የአባቴን ሚዛን ይዘህ አምስተርዳም ሄደህ ሁለተኛ ወጥተሃል። እንኳን ደስ ያለህ።

ጥያቄውን መርሳቴ እውነት ነው። አሁን ሳስበው ያመኛል። እሳቸውን መስዬ ስጽፍ እሳቸውን የሚያደርጋቸውን ነገር ዘለልኩት። ያን ሰሞን ዓይኔ የሚያየው ነገር አልነበረም። አንተ ግን በዚያች አንዲት ጉድለት የአባትህን ሞት አነበብክ። ከእሷ ሥር የተጻፈውን «ና» የሚለውን ግን ማንበብ አቃተህ።

ሣጥኑ እኔ ጋ ይቀራል። እሑድ እሑድ ከጀማሉዲን ጋር እንጫወታለን፤ አዲስ ካርታ ስንሠራ ተጠያይቀን ዋጋ እንቆርጣለን። ከእንግዲህ ካርታ አትላክልኝ፣ ዋጋም አትጠይቀኝ።

መንገደኛውን ግን ይኸው ልኬልሃለሁ። ያንተ ነው፣ አንተን አድርገው ነው የሠሩት። ሻንጣውን እየው፣ ቦሌ ስንሸኝህ የያዝከው ነው፤ የተቀደደውን ጥግ ሳይቀር ስለውታል። መያዣውን ለመሣል ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባቸው።

ጥያቄያቸውን በኅዳር ደብቄህ ነበር። ያን ቀን ሁሉንም ገምቼ አልቆልኝ ነበር፤ ከማን ጋር ነው? ሁለቴ መቱ። ስንት ተራ ሲቀር ነው? ሁለቴ መቱ። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያልኩ «አባባ፣ በእርግጥ ይመጣል ወይ ነው?» አልኳቸው። አንዴ መቱ። ከዚያ ከዘራውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩን ያዩ ጀመር። መልሱን ሳያገኙ ቀዩን ብዕር አልነካም አሉ።

መልሱን አንተ ሰጥተሃል። ስለዚህ በእሳቸው ደንብ፣ ተጠይቆና ተመልሶ፣ ዋጋውን ቆርጬልሃለሁ። ጥጉ ላይ በቀይ አለ። አንድ ነው፣ ለያዘው ቦታ።

ተናኘ መዝገቡ